ቦሩ ሜዳን ልዝለለው?

ደብዳቤው የደረሰኝ ከደሴ ብዙም ከማይርቅ ከተማ ነው። አራት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ 10ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አፄ ዮሐንስ ላይ ደርሰን የቦሩ ሜዳን ጉባኤ በአጭሩ ተናግሬ ላልፍ ስል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ‹መምህር፣ የኛ ቅድመ አያት ያኔ አገር ጥለው ነው የተሰደዱት እየተባለ ነው ያደግነው። ለምን በሁለት መስመር ይታለፋል?› አለኝ። ከኋላ ወንበር ሌላው ‹ያለፈ ነገር ምን ትቆሰቁሳለህ!› አለው። ክፍሉ ተንጫጫ። ደወሉ አዳነኝ። በማግስቱ የአንዱ ልጅ አባት ተቆጥተው መጡ። ርዕሰ መምህሩም ጠርተው ‹ዝለለው፣ ምን አስጨነቀህ› አሉኝ። ልጆቹ ደግሞ ‹ታሪክ ምን ይሠራልናል?› ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ መልስ የለኝም። በዚህ ዘመን ታሪክ የምናስተምረው ለምንድን ነው? ቦሩ ሜዳንስ ልዝለለው? ወይስ ሁሉንም ትቼ ኮምቦልቻ ወንድሜ ሱቅ ልግባ?»

አብሽር ልጄ። አንተ ማለቴን አትቀየመኝ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ሱቁን ለጊዜው እንተወው። ሱቅ ክፉ ሥራ አይደለም። ግን ሱቅ የናፈቀው ሰው አራት ገጽ ስለ ቦሩ ሜዳ አይጽፍም።

አትዝለለው። ለምን እንደምል ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

1981 ዓ.ም. ነው። በማስተማር ሁለተኛ ዓመቴ። እዚሁ ወሎ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የ77ቱ ረሃብ ተነሳ። እኔም ፈጠን ብዬ ሰሌዳው ላይ «ድርቅ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ፣ አለቀ በቃ። መሀል ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ኮረም መጠለያ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን መቅበሯን የሰማሁት በኋላ ነው። እጇን አወጣችና «መምህር፣ ዝናብ የጠፋው እኛ ጋ ነው። እህል ግን በመኪና ይመጣል አይደል? ለምን አልመጣም?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ ስታሸበርቅ፣ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ በጭብጨባ ሲመሠረት፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1965 እና 66፣ የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረሃብ ሸፋፍኖ ለማለፍ ሞክሯል። ያ መሸፋፈን ዘውዱን ካወረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ደርግ ንጉሡን በዚህ እየከሰሰ መጥቶ፣ በአሥር ዓመቱ እሱም ድግሱን አስቀደመ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ጊዜው ደርግ ነው፣ ፈራሁ። «ተቀመጪ» አልኳት።

ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ እጇን አላወጣችም።

ድርቁን ሰማይ አመጣው እንበል። ዝምታው ግን የሰው ነበር፣ የኔም አለበት። እና አሁን አንተን «ዝለለው» ሲሉህ ስሰማ ያቺ ልጅ ናት ትዝ የምትለኝ። ርዕሰ መምህርህ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። እንደኔ ፈርተው ነው።

አሁን ወደ ቦሩ ሜዳ። የዛሬ ልጆች ቦሩ ሜዳ ሲባል ሆስፒታሉን ነው የሚያውቁት። ከደሴ ወጣ ብሎ ያ ሰፊ ሜዳ ግንቦት 1870 ላይ ምን እንዳስተናገደ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው ተቀመጡ። ጉባኤው መጀመሪያ የክርስቲያኖች የእርስ በርስ ክርክር ነበር፣ ተዋሕዶና ጸጋ ልጅ በሚባሉ ሁለት የሃይማኖት ወገኖች መካከል። ተዋሕዶ ረታ። ከዚያ ነገሩ ወደ ወሎ ሙስሊም ዞረ። ሹማምንቱ ወዲያው እንዲጠመቁ፣ ሕዝቡ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲከተል ታዘዘ። ከወሎ ገዥዎች ኢማም መሐመድ አሊ «ሚካኤል» ተባሉ። አባ ዋጠው «ኃይለ ማርያም» ተባሉ። እሺ ያለ አለ። እምቢ ብሎ የተሰደደ አለ። እንደ ሸኽ ጠልሃ ያሉት ጦር ይዘው ተነሱ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ።

ይኸው ነው። እስኪ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። የሚያስፈራ ነገር አለው? እሳት የሚሆነው ስትሸፋፍነው ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነገር መምህሩ ሲዘልበት «አሃ፣ እነዚህ የሚደብቁት ነገር አለ» ይላል። የቀረውን ስልኩ ይነግረዋል። ስልኩ ደግሞ እንዴት እንደሚነግረው ታውቃለህ፣ ከበሮ እየመታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። «ወሎ የፍቅር አገር» የሚሉት አባባል። አልጠላውም፣ እኔም የኖርኩት ነው። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን። የወንድሜ ሠርግ ላይ ሁለት ሰንጋ ተጣለ። የአክስቴ ወገኖች የራሳቸውን አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን በላን። ማንም ማንንም አላስከፋም። ግን ይህ ከአፈሩ የበቀለ አይደለም። ሁለተኛው ሰንጋ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ድስት ድካም ነው። ከግንቦት 1870 በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ የተጠመቀና ያልተጠመቀ ወንድማማች እንዴት አብሮ መብላት እንዳለበት ሲያስብ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ የሠራው ነገር አለበት። ቦሩ ሜዳን ከዘለልክ ወሎ ዝም ብሎ ሲፈጠር ጀምሮ ደግ ነው ማለት ነው። እሱ ደግሞ ተረት ነው። ልጆቹም አያምኑህም። ክፉውን ገጽ ስትገነጥል ደጉም አብሮ ይገነጠላል፣ ወረቀቱ አንድ ነዋ።

ለጥያቄህ መልሴ እዚያው ውስጥ አለ፣ ግን ላፍታታው።

ብዙ ሰው ታሪክ የሚማረው አገሩን እንዲወድ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ በደሉን እንዲያውቅ ነው ይላል። ሁለቱም ክፍልህ ውስጥ ገብተው ሊቀመጡ ይፈልጋሉ። ያ የመጡት አባት ከአንዱ ወገን ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ደብዳቤህ ላይ አልነገርከኝም፣ ደግ አደረግህ። እኔ ግን ክፍልህ ሠርግ ቤትም ችሎትም እንዲሆን አልፈልግም። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ሲነገረው «ይህን ማን አለ? መቼ አለ? በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ከለመደ ይበቃኛል። አገሩን መውደዱ ከዚያ በኋላ የራሱ ነው።

እንዴት? በዚያው በልጁ ጥያቄ ጀምር። «ቅድመ አያታችን ተሰደዱ» ነው ያለው? ጥሩ። ጠመኔ አንሳ። ልጁ 2001 ወይ 2002 ላይ የተወለደ ይመስለኛል። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ስጥ። አባት 1971 አካባቢ። አያት 1941። ቅድመ አያት 1911። ምንጅላት 1881። እንግዲህ በ1870 ምንጅላቱ እንኳ ገና አልተወለዱም! ስንቅ ቋጥረው የወጡት ሰውዬ ከዚያም በላይ ያሉት ናቸው።

ልጁ እንዳያፍር ተጠንቀቅ። ወሬው ውሸት ነው ማለት አይደለም። የቤተሰብ ወሬ ትውልድ ያጥፋል፣ ሦስቱን አያት አንድ ያደርጋቸዋል። ዋናውን ነገር ይዞ ይመጣና ዓመቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ደግሞ ዓመቱን ይይዝና ሰውዬውን ይጥለዋል። የጸሐፌ ትእዛዙ ብዕር ንጉሡን ነው የሚያየው፣ በሌሊት ልጁን አዝሎ ተራራ የሚወጣውን ገበሬ አያይም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ነው ነገሩ የሚገባህ። መንዙማውንም አትርሳ። የወሎ ሸኾች በዓጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ የጻፉት፣ በቃል የወረደው፣ እሱም ምስክር ነው።

ደግሞ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ እንዴ? ቆጠራ ለልጆቹ አዲስ ነገር አይደለም። ቤታቸው ሄደው ይቁጠሩ። ወሎ ነውና የሚሆነውን ከወዲሁ ልንገርህ። የከድር አራተኛ አያት ወልዴ ሆነው ይገኛሉ። የገብሬ አምስተኛ አያት ይማም ይሆናሉ። ያን ቀን ክፍልህ ውስጥ የሚኖረውን ዝምታ እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከኋላ ወንበር ያለው «ምን ትቆሰቁሳለህ» ባይም መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ያስባል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «አንተ ሙስሊም ነህ፣ እስኪ ንገረን» አትበል። «እናንተ ክርስቲያኖችስ?» አትበል። ልጅ የሃይማኖቱ ጠበቃ ሆኖ አይቆምም፣ አባቶቹ ያደረጉትንም አይመልስም። ቆጠራውን አንብብልን ብለህም አታስገድድ። ማንበብ የፈለገ ያንብብ። ያልፈለገ ለራሱ ይያዘው። ማርክ የምትሰጠው ለስሞቹ ሳይሆን «ይህን ከማን ሰማህ?» ለሚለው መልስ ነው።

ከዚያ አንድ ሰው ይዘህ ሂድ። ብዙ ሰው አትደርድር፣ ልጆች ስም ሲበዛባቸው ይተኛሉ። ያን በቦሩ ሜዳ ሰሞን ስማቸው የተቀየረውን ሰው ያዝ። መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። በ1888 የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘመቱ። የአድዋው ሠራዊት የተከተተው ደግሞ ወረኢሉ ነው፣ እዚሁ ደጃችን። በ1906 ልጃቸው፣ የምኒልክን አልጋ የወረሰው ልጅ ኢያሱ፣ ንጉሥ አላቸው። ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፣ ስሙን ልጆቹ ይተርጉሙልህ። ከዚያ መስከረም 17፣ 1909 ልጅየው ወደ እስልምና አደላ ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። አባትየው ጦር ይዘው ወረዱ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እስኪ አስበው! አባትን ሃይማኖት አስቀይሮ የሾመ ቤተ መንግሥት፣ ልጁን በዚያው በተተወው ሃይማኖት ከሰሰው። ይህን ለ10ኛ ክፍል ንገርና «ታሪክ ይደብራል» የሚል ካለ ጥራኝ።

ክሱ እውነት ነበር ወይ ብለው ይጠይቁሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማን ከሰሰው? ምን ሊያገኝ? ኢያሱ ከሙስሊሙ ጋር መቀራረቡ እምነት ነው ወይስ ፖለቲካ? አንተ አትፍረድ። ይከራከሩ። ደወሉ ሲደወል ክርክሩን ይዘው ይውጡ።

ውጫሌማ አለችልህ። በሐይቅ በኩል ወደ መርሳ ስትሄድ መንገድ ላይ ናት፣ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም እዚያው አካባቢ ነው። ሚያዝያ 25፣ 1881። አንቀጽ 17ን ሁሉም ልጅ ለፈተና ይሸመድደዋል። አንተ ግን ግሡን ብቻ አውጣው። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»። ጣልያን የራሱን ቅጂ ይዞ ግዴታ ነው አለ። በአንድ ግሥ ሰበብ አድዋ ድረስ ተሄደ። ለልጆቹ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስጣቸውና «ይችላል»ን «አለበት» አድርገው ይለውጡት። የቤት ኪራይ ውል ይሁን። «ተከራዩ በአከራዩ መብራት መጠቀም ይችላል»። «ተከራዩ በአከራዩ መብራት መጠቀም አለበት»። ወዲያው ይገባቸዋል። ታሪክ ምን ይሠራልናል ላሉህም እዚያው መልስ አገኙ። ነገ የሚፈርሙት ወረቀት አለ፣ የሥራ ውል፣ የብድር ውል፣ ወደ አረብ አገር የምትሄደው እህታቸው የምትፈርመው ውል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነገር ሲሰጣቸው ሁለቱንም ማስነበብ ይለምዳሉ።

ሥራ ያስገኛል ወይ ላሉህ ግን አትዋሽ። 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራል የሚገቡት ታሪክን ይሰናበቱታል። አንተ ጋ ያሉት ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ የሚማሩት ነው። እኔ ብሆን ይህ ያስቸኩለኛል እንጂ አያስተኛኝም።

ስለ አባትየው። ቢሮ አስጠርተህ አትከራከራቸው። ሻይ ቤት ውሰዳቸው፣ ወይም መምህራን ክፍል ውስጥ ቡና ይፈላ። መጽሐፉን ክፈትላቸውና ያለውን አንብብላቸው። ከዚያ «በእናንተ ቤትስ እንዴት ነው የሚባለው?» በላቸው። አብዛኛው ወላጅ የሚቆጣው ልጁ ክፍል ውስጥ የተዋረደ ሲመስለው ነው። ራሳቸው ሲጠየቁ ይለዝባሉ። ምናልባት ከአንተ የሚበልጥ ይነግሩሃል። ካልለዘቡም ግድ የለም፣ አክብረህ ሸኛቸው።

ርዕሰ መምህሩን በወረቀት ያዝ። የትምህርት ዕቅድህ ላይ የምታስተምረውን፣ ገጹን፣ የምትሰጠውን ሥራ ጻፍ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርምበት። አለቃ የሚፈራው ጥያቄ ሲመጣበት የሚያሳየው ነገር ማጣትን ነው። ወረቀት ካለው ይተኛል።

አንድ የምትዘለው ነገር ግን አለ፣ ለጊዜው። የ2014ቱ ጦርነት። ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ልጆቹ ያዩትን። «አትዝለል ብለኸኝ?» ትለኝ ይሆናል። አዎ ብያለሁ። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አባቱን ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ አጠገቡ ደግሞ የሌላ ወገን ዘመድ ያለው። ቁስሉ እርጥብ ነው። ቁጭ ብለው ያዩትን ይጻፉ፣ ቀን ጨምረው፣ የት እንደነበሩ ጨምረው። አንተ ግን አትሰብስበው፣ አታርመው። ቤታቸው ያስቀምጡት። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አንድ መምህር ይፈልገዋል። የ77ቱን ያን ጊዜ የጻፈ ልጅ ቢኖር ዛሬ እኔ እንዴት ባነበብኩት!

የኔዋ ልጅ የት እንዳለች አላውቅም። በረሃቡ ሰሞን ብዙ ሰው ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ሰፈራ ሄዶ ነበር፣ የእሷ ቤተሰቦች ግን ቀርተው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርት አቋረጠች። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር። እህሉ ሊመጣ ይችል ነበር።

አንተ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘህ ቦሩ ሜዳ ውጣ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበል። ሜዳው ላይ አቁማቸውና ንጉሡ የት ተቀምጠው ይሆን፣ ሊቃውንቱ የት፣ የወሎ መኳንንት ፈረሳቸውን የት አስረው ይሆን፣ ይገምቱ። ትክክለኛ መልስ አትጠብቅ። ሹራብ ይያዙ በላቸው፣ እዚያ ነፋሱ ከደሴም ይብሳል።